ቲኤፍኤስኤ፦ ዌልዝሲምፕል፣ ኩዌስትሬድ ወይስ ባንክ ቤት? ማን ስንት ይቆርጣል?

አዜብ_ካልጋሪ

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንዴት ከረማችሁ። ባንክ ቤት ውስጥ ቲኤፍኤስኤ (ትርፉ ከታክስ ነፃ የሆነው የካናዳ የኢንቨስትመንት አካውንት) አለኝ፤ 20 ሺህ ዶላር አካባቢ ደርሷል። ስከፍተው ቅርንጫፉ ውስጥ ያነጋገረችኝ ልጅ «ባላንስድ» የሚባል ሚውቿል ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ አንድ ላይ የሚተዳደርበት) መረጠችልኝ። ሰሞኑን የታክስ ወረቀት ሳገላብጥ የፈንዱን መግለጫ አገኘሁትና ኤምኢአር (የፈንዱ ዓመታዊ ክፍያ) 2.10% ይላል። ከአካውንቴ ግን ሲቆረጥ የሚታይ ነገር የለም። ታዲያ ይሄ 2.10 ከየት ነው የሚወሰደው?

ሥራ ቦታ በኢንተርኔት ከሚሠሩት የኢንቨስትመንት ድርጅቶች ግማሹ ሰው ዌልዝሲምፕል ይላል፣ ግማሹ ኩዌስትሬድ። ኩዌስትሬድም በፌብሩዋሪ 2025 ኮሚሽን አንስቷል አሉኝ። ሁለቱም ነፃ ከሆኑ ልዩነታቸው ምኑ ላይ ነው? በወር 400 ዶላር እየጨመርኩ መቀጠል ነው ሐሳቤ፤ ገንዘቡን ቶሎ አልፈልገውም። የማታ ሺፍት ስለሆንኩ አክሲዮን እየመረጥኩ የምቀመጥበት ጊዜ የለኝም። የምታውቁ እስቲ አስረዱኝ።

የዳንፎርዝ_ልጅ

ዌልዝሲምፕል ያለምንም ጥያቄ። አፑ ራሱ ይገርማል። በኔ ኮድ ከተመዘገብሽ ሁለታችንም ቦነስ እናገኛለን፦ [ተሰርዟል]

አወያይ

የመጋበዣ ኮድ እዚህ አይለጠፍም፤ ሕጉ ከላይ ተሰክቷል። ሰው ለቦነስ ሲል የሚሰጠውን ምክር ማን ያምናል? ውይይቱ ይቀጥል።

ቁጥር_ወዳድ

አዜብ፣ 2.10ዋ የምትቆረጠው ከአካውንትሽ ሳይሆን ከፈንዱ ውስጥ ነው። የፈንዱ ዋጋ በየቀኑ የሚወጣው ክፍያው ከተቀነሰ በኋላ ስለሆነ ስቴትመንት ላይ ብትፈልጊያት አታገኚያትም። በ20 ሺህ ላይ በዓመት 420 ዶላር ነች። ገበያው ሲወጣም ትሄዳለች፣ ሲወርድም ትሄዳለች። ደንቡ እየተቀየረ ነው፤ የ2026 ወጪ በዶላር ተሰልቶ በዓመታዊው ሪፖርት ላይ ይጻፋል፣ ሪፖርቱ እጃችን የሚገባው ግን 2027 መጀመሪያ ላይ ነው። እስከዚያ ማባዛት የራሳችን ሥራ ነው።

ንጽጽሩ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው የመግዣና የመሸጫ ኮሚሽን ላይ ተጣብቆ ስለሚቀር ነው። እሱ ጉዳይ አብቅቶለታል። ዌልዝሲምፕል ድሮም 0 ነው። ኩዌስትሬድ አክሲዮን ላይ ከ4.95 እስከ 9.95 ዶላር ያስከፍል ነበር፣ ኢቲኤፍ (እንደ አክሲዮን ገበያ ላይ የሚሸጥ ፈንድ) ደግሞ መግዛቱ ነፃ ሆኖ መሸጡ ላይ ይቆርጥ ነበር፤ በ2025 ሁሉንም 0 አደረገው። ናሽናል ባንክና ዴዣርዳን ከ2021 ጀምሮ 0 ናቸው። በ2025 መጀመሪያም ያስከፍሉ የነበሩት የትልልቆቹ ባንኮች የኢንቨስትመንት ክፍሎች ናቸው፦ አርቢሲ 9.95፣ ቲዲ 9.99፣ ሲአይቢሲ 6.95 በአንድ ግዢ። አንቺ በወር 400 ዶላር ይዘሽ በየወሩ 9.95 ብትከፍዪ በዓመት 119 ዶላር ይሆናል፤ ካስገባሽው 4,800 ላይ ወደ 2.5 ፐርሰንት ማለት ነው። ከፈንድሽ የባሰ! በወር በወር ለሚገዛ ሰው እነዚህ አይሆኑም።

ስለዚህ ዛሬ ልዩነቱ ያለው የምትገዢው ፈንድ የራሱ ክፍያ፣ አስተዳድሩልኝ ካልሽ የአስተዳዳሪው ክፍያ፣ የአሜሪካ ዶላር ከነካሽ ደግሞ ምንዛሪው ላይ ነው። ምንዛሪውን ሌላ ሰው ያብራራው፤ እኔ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ላስላልሽ።

20 ሺህ ዶላር ብቻ፣ ምንም ሳትጨምሪበት፣ ከክፍያ በፊት በዓመት 6 ፐርሰንት ቢያድግ (ለስሌት ነው፣ ማንም ቃል የገባልን የለም)፣ ከ20 ዓመት በኋላ፦

አሁን ባለሽበት 2.10፦ 43,000 ገደማ።
ዌልዝሲምፕል ራሱ ሲያስተዳድርልሽ፣ የነሱ 0.5 እና ውስጥ ያሉት ኢቲኤፎች 0.2 ገደማ፦ 56,200።
የኩዌስትሬዱ ኩዌስትዌልዝ፣ 0.25 እና 0.2 ገደማ፦ 58,900።
ራስሽ አንዲት ኢቲኤፍ ብቻ እየገዛሽ፣ 0.2፦ 61,800።

ከባንኩ ወደ የትኛውም ብትሄጂ ትልቁን ገንዘብ አትርፈሻል። ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር በቀረችው ላይ ነው።

አዜብ_ካልጋሪ

ወደ 19 ሺህ ዶላር ልዩነት?? ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። አመሰግናለሁ ወንድሜ። «አንዲት ኢቲኤፍ» ያልካትን ግን አስረዳኝ።

ቁጥር_ወዳድ

ሁሉንም በአንድ የያዙ ኢቲኤፎች አሉ። ኤክስኢኪውቲ የምትባለው የካናዳን፣ የአሜሪካን፣ የአውሮፓንና የእስያን በሺዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎች ይዛለች፣ መቶ በመቶ አክሲዮን ነች። ኤክስግሮ 80 አክሲዮን 20 ቦንድ። ኤክስባል 60/40። ሦስቱም ኤምኢአራቸው 0.20 ገደማ ነው። የቫንጋርድ ኩባንያ ቬክት እና ቪግሮ ደግሞ እስከ 2025 ድረስ 0.24 ነበሩ። ሁሉም በካናዳ ዶላር ቶሮንቶ ገበያ ላይ ይገዛሉ፣ ስለዚህ የምንዛሪ ክፍያ የለብሽም። ሚዛኑን ራሳቸው ያስተካክላሉ፤ አንቺ በወር አንዴ መግዛት ብቻ። ዌልዝሲምፕል ላይ ደመወዝ ሲገባ በራሱ እንዲገዛ ማዘዝ ይቻላል፣ የአክሲዮን ቁራሽም ይሸጣል፤ 400 ዶላርሽ ሳይተርፍ ይገባል።

አንጋፋው_ቶሮንቶ

ልጆች፣ እኔ እዚህ አገር ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው የገባሁት። «ነፃ ነው» ሲሉኝ ኪሴን ነው የምጨብጠው። እነዚህ ሰዎች ኮሚሽን ካልወሰዱ የሠራተኛ ደመወዝ ከየት ይከፍላሉ? ደግሞስ አንድ ቀን ቢዘጉ የሰው ገንዘብ የት ይገባል? ባንክ ቢያንስ ሕንፃ አለው።

ዊኒፔግ_በረዶ

ጋሼ፣ ጥያቄዎ ልክ ነው። አንዱ ገቢያቸው ምንዛሪው ላይ ነው። ዌልዝሲምፕልም ኩዌስትሬድም የካናዳን ዶላር ወደ አሜሪካ ሲቀይሩልዎ 1.5 ፐርሰንት ይወስዳሉ። «ኮሚሽን 0» ብሎ አንድ ሺህ ዶላር የአሜሪካ አክሲዮን የገዛ ሰው ሲገባ 15 ዶላር፣ ሸጦ ሲመለስ ሌላ 15 አካባቢ ከፍሏል። ድሮ ኩዌስትሬድ ከሚያስከፍለው 4.95 በሦስት እጥፍ ይበልጣል እኮ! ስክሪኑ ላይ ደግሞ ምንዛሪው ውስጥ ተሸሽጎ ስለሚመጣ ክፍያ አይመስልም። ከዚያ ሌላ ሳይሠራ በተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ፣ በብድር፣ በወርሃዊ ደንበኝነትም ያገኛሉ።

መውጫ መንገዱ ሁለት ነው። አንደኛው የአሜሪካን ገበያ በካናዳ ዶላር መግዛት። ቪኤፍቪ የሚባለው ኢቲኤፍ ኤስ ኤንድ ፒ 500ን (500 ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎችን) ይከተላል፣ ኤምኢአሩ 0.09፣ ቶሮንቶ ላይ ነው የሚሸጠው፤ ምንዛሪ የለም። ለአብዛኛው ሰው ይሄ ይበቃዋል።

ሁለተኛው ኩዌስትሬድ ላይ የሚሠራ ዘዴ ነው። ዲኤልአር የምትባል ኢቲኤፍ አለች፣ ውስጧ የአሜሪካ ዶላር ነው። በካናዳ ዶላር ትገዛታለህ፣ ወደ አሜሪካ ዶላሩ ወገን አዛውሩልኝ ትላለህ፣ እዚያ ትሸጣታለህ። ዋናው ወጪ በመግዣና በመሸጫ ዋጋ መካከል ያለው ጠባብ ልዩነት ነው፤ ለማዛወሩ ክፍያ እንዳለው አስቀድመህ ጠይቅ። ጥቂት ቀን ይፈጃል፤ 10 ሺህ ዶላር ለሚቀይር ሰው ወደ 150 ዶላር ማትረፍ ማለት ነው፣ በወር 400 ለሚያስገባ ግን ድካም ነው። ዌልዝሲምፕል በበኩሉ በ2025 መጀመሪያ የአሜሪካ ዶላር አካውንት በወር 10 ዶላር ይሰጥ ነበር፣ መቶ ሺህና ከዚያ በላይ ላለው ደግሞ በነፃ።

ስለ መዝጋቱ፦ ሁለቱም ሲአይፒኤፍ የሚባለው ጥበቃ አባል ናቸው። ድርጅቱ ቢከስርና ንብረትዎ ቢጎድል እስከ 1 ሚሊዮን ዶላር ይሸፍናል። ገበያው ወርዶ የጠፋን ገንዘብ ግን ማንም አይሸፍንም፤ ባንክ ቤት የተገዛ ሚውቿል ፈንድም ሕንፃ ስላለው አይሸፈንም።

አንጋፋው_ቶሮንቶ

ይሄ ነው መልስ ማለት። ተባረክ።

ኤድመንተን_ነርስ

የቁጥር ወዳድን ስሌት አልቃወምም፤ ግን ስሌቱ ውስጥ ያልገባ ሰው አለ፣ እሱም ራሳችን ነን። ኤፕሪል 2025 ላይ የአሜሪካ የታሪፍ ወሬ ገበያውን ሲያፈርሰው አፓቸውን በየአምስት ደቂቃው እየከፈቱ ሥራ መሥራት ያቃታቸው ሰዎች ዎርዳችን ውስጥ አሉ። አንዷ ኤክስኢኪውቲዋን ሐሙስ ዕለት ሸጠች፣ በቀጣዩ ረቡዕ ደግሞ ገበያው በአንድ ቀን ብቻ ዘሎ ወጣ። እኔ ዌልዝሲምፕል የሚያስተዳድረው ውስጥ ነኝ፣ 0.5 እከፍላለሁ፣ መሸጥ ብፈልግ እንኳ ሁለት ሦስት ስክሪን አልፌ «እርግጠኛ ነሽ?» ተብዬ ነው። የ20 ሺህ ዶላር 0.5 ፐርሰንት በዓመት 100 ዶላር ነው። ልቤን ለማሳረፍ እከፍላለሁ፤ አይቆጨኝም።

የማታ ሺፍት ሠርታ ለምትተኛ ሰው፣ አዜብ፣ አስቢበት።

ቁጥር_ወዳድ

ነርሷ፣ የሸጠችው ልጅ በሚያስተዳድሩላት ውስጥም ብትሆን መሸጥ ትችል ነበር። ሁለት ስክሪን ተጨማሪ ነው እንጂ ግንብ አይደለም። ደግሞ እነሱም ውስጥ የሚያስቀምጡልሽ ኢቲኤፍ ነው። 0.5ቷ የምትከፈለው ለማስተካከል ነው፣ ኤክስግሮ ደግሞ በ0.20ዋ ውስጥ ራሷ ታስተካክላለች። ለመረጋጋት ከሆነ የቦንድ ድርሻ መጨመር ይሻላል፦ ኤክስባል ያኔም ከኤክስኢኪውቲ ያነሰ ነው የወረደችው።

አስተዳድሩልኝ ለሚል ሰው ደግሞ ኩዌስትዌልዝ በግማሽ ዋጋ ነው፤ ከ1,000 ዶላር ጀምሮ 0.25፣ ከመቶ ሺህ በላይ 0.20። ዌልዝሲምፕል ከመቶ ሺህ በላይ 0.4 ነው። ዋጋ ካወዳደርን እስከ መጨረሻው እናወዳድር።

ኤድመንተን_ነርስ

ኩዌስትዌልዝን ዋጋው ላይ ሰጥቼሃለሁ። አፑ ግን የአካውንታንት ዴስክ ነው የሚመስለው 😄 የማይከፍቱት አፕ ውስጥ ደግሞ ገንዘብ አይጨመርም። እኔን ያቆየኝ ደመወዝ በገባ ቀን በራሱ መውሰዱ ነው።

አቡ_ያሲን

አሰላሙ አለይኩም፣ ሰላም ለሁላችሁ። ወለድ የሌለበትን ለምንፈልግ ሰዎችስ? የባንክ ቁጠባ ቲኤፍኤስኤ ወለድ ነው፣ ኤክስግሮ ቦንድ አለበት፣ ኤክስኢኪውቲ ደግሞ ውስጧ ባንኮችና መጠጥ ፋብሪካዎች አሉ። ዌልዝሲምፕል «ሐላል» የሚለው አለ፤ ክፍያው ስንት ነው የሚደርሰው?

ዊኒፔግ_በረዶ

ወአለይኩም ሰላም አቡ ያሲን። የአስተዳዳሪው ክፍያ ከሌላው እኩል ነው፣ 0.5። ነገር ግን ውስጡ የሚገባው የሐላል ኢቲኤፍ የራሱ ክፍያ ከግማሽ ፐርሰንት በላይ ነው፣ ስለዚህ ድምሩ ከ1 ፐርሰንት ያልፋል። እኔ ብሆን የማደርገው ይሄን ነው፦ ኢቲኤፉን፣ ደብልዩኤስኤችአር የሚባለውን፣ ራስህ በቀጥታ ግዛ። በካናዳ ዶላር ነው የሚሸጠው፣ ከኩዌስትሬድም መግዛት ይቻላል። ያኔ የምትከፍለው የፈንዱን ብቻ ነው፣ 0.5ቷ ትቀርልሃለች።

አሜሪካ ገበያ ላይ ያለው ኤስፒዩኤስ 0.45 ነው፣ ከዚያ ያነሰ። ግን 1.5ቱን ምንዛሪ ትከፍላለህ። በየወሩ ትንሽ ትንሽ ለሚገዛ ሰው በ0.1 ለመጠቀም 1.5 መክፈል አያዋጣም፤ ከላይ በጻፍኩት በዲኤልአር በኩል በዓመት አንዴ ሰብሰብ አድርጎ ለሚቀይር ግን ያስኬዳል።

አቡ_ያሲን

ጀዛከላህ ኸይር። በቀጥታ መግዛት እንደሚቻል አላውቅም ነበር። ሰዉ ሁሉ ጥቅሉን ነው የሚነግርህ።

ታክሲ_ነጂው

እኔ ከ2022 ጀምሮ ነው ያለሁት። በ2025 ቲኤፍኤስኤ ውስጥ 102 ሺህ ዶላር ድረስ ማስገባት ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ። ወንድሜ ጋር ተደጋግፈን 40 ሺህ ሰብስበናል፣ በኔ ስም ልናስገባው ነው። ኮሚሽን ከሌለ በአንዴ ማስገባት ይሻላል ወይስ በየወሩ?

ቁጥር_ወዳድ

አቁም አቁም አቁም! አስገብተህ ከሆነ ዛሬውኑ አውጣ።

102 ሺህ የሚለው ሕጉ በወጣበት በ2009 ካናዳ ውስጥ ለነበረና 18 ዓመት ለሞላው ሰው ነው። ያንተ የሚቆጠረው ነዋሪ ከሆንክበት ዓመት ጀምሮ ነው፦ 2022 ላይ 6,000፣ 2023 ላይ 6,500፣ 2024 ላይ 7,000፣ 2025 ላይ 7,000። እስከ 2025 ድምር 26,500። የመጣኸው ዲሴምበር ላይ ቢሆን እንኳ የዚያ ዓመት ሙሉውን ታገኛለህ፣ እሱ ደግ ነው። 40 ሺህ ብታስገባ ግን 13,500 ከተፈቀደው በላይ ይሆናል፣ ሲአርኤ (የካናዳ ታክስ መሥሪያ ቤት) በዚያ በበለጠው ላይ በየወሩ 1 ፐርሰንት ይወስዳል፤ 135 ዶላር በወር! ስለ 0.2 እና 0.5 ስንጨቃጨቅ የዋልንበትን ሁሉ በአንድ ወር ያስረሳሃል።

ፕላትፎርሞቹ አያስቆሙህም። ሌላ ባንክ ውስጥ ስንት እንዳለህ አያዩም። ሲአርኤ ድረ ገጽ ገብተህ ማየት ትችላለህ፣ ግን እዚያ ያለው ቁጥር የጃንዋሪ 1 ነው፤ ባንኮች ያለፈውን ዓመት የሚያስታውቁት እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ስለሆነ አንዳንዴ አሮጌ ቁጥር ታያለህ፣ ዘንድሮ ያስገባኸውን ደግሞ ጨርሶ አይቆጥርም። የራስህን ደብተር ያዝ።

የወንድምህን ድርሻ በወንድምህ ስም። እሱም የራሱ ሩም (ማስገባት የሚፈቀድለት መጠን) አለው።

ታክሲ_ነጂው

እግዜር ይስጥህ። ገና አላስገባንም። ነገ በእሱም ስም እንከፍታለን።

ዕቁብተኛዋ

ከዚሁ ጋር የሚሄድ፦ እኔ ዕቁብ ሲደርሰኝ ነው የማስገባው፣ እና አንዳንዴ አገር ቤት ችግር ሲመጣ አወጣለሁ። ሲወጣ ታክስ የለውም፣ ሩሙም ይመለሳል፣ ግን የሚመለሰው በሚቀጥለው ዓመት ጃንዋሪ 1 ነው። ሩሙ ሞልቶ ሜይ ላይ 5,000 አውጥቶ ኦገስት ላይ ዕቁቡ ሲወጣ መልሶ የሚያስገባ ሰው ያው 1 ፐርሰንቱ ይይዘዋል። ለዚህ ለዚህ የሚሆን ገንዘብ ኢቲኤፍ ውስጥ ባይገባም ይሻላል፣ አክሲዮኑ በወረደበት ሰሞን ነው አገር ቤት ስልክ የሚደወለው። እኔ ያንን ክፍል ኢኪው ባንክ ነው ያደረግኩት፣ ወርሃዊ ክፍያ የለውም።

ከዲሲ_የመጣሁ

የአሜሪካ ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ላላችሁ አንድ ነገር። እኔ ከዲሲ ወደ ቶሮንቶ ስዛወር ሁሉም «ቲኤፍኤስኤ ክፈት» አለኝ። አይአርኤስ (የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት) ግን ቲኤፍኤስኤን ከታክስ ነፃ ብሎ አያውቀውም። ትርፉ በየዓመቱ ለአሜሪካ ሪፖርት ይደረጋል፣ የካናዳ ኢቲኤፍ ከሆነ ደግሞ የውጭ ፈንድ ተብሎ የተለየ ቅጽ ይከተለዋል። ቅጹን የሚሞላው አካውንታንት የሚያስከፍለው ከዚህ ክር ውስጥ ካሉት ክፍያዎች ሁሉ ይበልጣል። ለእኔ አርአርኤስፒ (የካናዳው የጡረታ ቁጠባ አካውንት) ነው የተሻለው፣ እሱን በሁለቱ አገሮች የታክስ ስምምነት ያውቁታል።

ዊኒፔግ_በረዶ

ጥሩ አነሳኸው። ዜግነት ለሌለንም አንዲት የተደበቀች አለች፦ የአሜሪካ ኩባንያ የሚከፍለው ዲቪደንድ (የትርፍ ድርሻ) ላይ አሜሪካ 15 ፐርሰንት ትይዛለች፣ ቲኤፍኤስኤ ውስጥ ደግሞ መልሶ ማግኘት አይቻልም። 20 ሺህ ዶላር ቪኤፍቪ ያለው ሰው በዓመት 40 ዶላር አካባቢ ነው የሚያጣው። በየትኛውም ፕላትፎርም ያው ነው፣ ስለዚህ ለመምረጫ አይሆንም፤ «ከታክስ ነፃ» ሲባል ግን ሙሉ በሙሉ እንዳይመስላችሁ።

አዜብ_ካልጋሪ

ሰዎች፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ከሺፍት መልስ ሁሉንም አነበብኩ። ሩሜን አየሁት፤ የመጣሁት 2019 ነው፣ እስከ 2025 ድረስ 44,500 ነው፣ ያለኝ 20 ሺህ ስለሆነ ሰላም ነኝ። አሁን እንዴት ነው የማወጣው? ባንክ ሄጄ ብሩን ተቀብዬ ላስገባው?

ቁጥር_ወዳድ

እንዳታወጪው! ካወጣሽው የ20 ሺሁ ሩም ዘንድሮ አይመለስም። ዕቁብተኛዋ የጻፈችውን እይው። አዲሱን አካውንት ትከፍቻለሽ፣ ከዚያ አዲሱ ቤት ውስጥ «ከሌላ ተቋም አዛውሩ» የሚለውን ትሞያለሽ፣ እነሱ ከባንክሽ ይጠይቁታል። በዚህ መንገድ ሩምሽ አይነካም። ባንክሽ ጋ መሄድም አያስፈልግም፤ ከሄድሽ «ለምን ትሄጃለሽ፣ የተሻለ ፈንድ አለን» የሚል ቀጠሮ ነው የሚይዙልሽ።

«በጥሬ ገንዘብ» የሚለውን ምረጪ። የባንኩ የራሱ ፈንድ ብዙ ጊዜ እንዳለ አይሻገርም፣ ተሽጦ ነው የሚሄደው። ቲኤፍኤስኤ ውስጥ ስለሆነ ሲሸጥ ታክስ የለም።

ባንኩ ለመልቀቂያ ይቆርጣል፣ ከ50 እስከ 150 ዶላር። ተቀባዩ ቤት ብዙ ጊዜ ይመልስልሻል፣ ግን ዝቅተኛ የገንዘብ መጠን ያስቀምጣሉ፣ መጠኑንም ይቀያይሩታል፤ ከመጀመርሽ በፊት በጽሑፍ ጠይቂያቸው። ባይመልሱልሽ እንኳ 150 ዶላር ከዘንድሮው 420 ያነሰ ነው።

ኤድመንተን_ነርስ

እና ስም! ይሄን ማንም አይነግርሽም። የኛ ሰው ስም ሦስት ነው። ባንኩ ውስጥ ያንቺ፣ የአባትሽና የአያትሽ ተብሎ ተመዝግቦ፣ አዲሱ አካውንት ላይ ያንቺና የአያትሽ ብቻ ከሆነ ዝውውሩ «ስም አይገጥምም» ተብሎ ይመለሳል። ስቴትመንትሽ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ቅጂው። የአካውንት ቁጥሩም የቼኪንጉ ሳይሆን የቲኤፍኤስኤው ራሱ ይሁን።

አንጋፋው_ቶሮንቶ

ልጠይቅ። የኔ ባንክ ቤት አይደለም፣ አንድ የኢንሹራንስ ሻጭ ቤቴ ድረስ መጥቶ ነው ያስፈረመኝ። የኛው አገር ልጅ ነው፣ ስሙን አልጠራም። ልውጣ ስለው «ጋሼ፣ ቅጣት አለው» ይለኛል።

ቁጥር_ወዳድ

ጋሼ፣ የተገዛበት ዓመት ነው የሚወስነው። ቀድሞ ለወጣ የሚከፈለው ያ ቅጣት ለሚውቿል ፈንድ ከጁን 2022 ጀምሮ፣ ለኢንሹራንሶቹ ሴግሪጌትድ ፈንድ (ከኢንሹራንስ ዋስትና ጋር ለሚሸጠው ፈንድ) ከጁን 2023 ጀምሮ በአዲስ ሽያጭ ላይ ተከልክሏል። ከዚያ በፊት የፈረሙ ከሆነ ግን አሮጌው ውል ይቀጥላል፤ ቅጣቱ በየዓመቱ እየቀነሰ አብዛኛውን ጊዜ በሰባተኛው ዓመት ያልቃል። «ዛሬ ብወጣ ቅጣቱ በዶላር ስንት ነው? የሚያልቀውስ መቼ ነው?» ብለው በኢሜይል ይጠይቁት። በቃል አይቀበሉ። ከዚያ ከዓመታዊ ክፍያው ጋር እናስተያየዋለን፤ እነዚያ ፈንዶች ከ2.5 የሚበልጥ ኤምኢአር ያላቸው ብዙ ናቸው፣ ቅጣቱን ከፍሎ መውጣት የሚያዋጣበት ጊዜ አለ። ሽፋኑ የሞት ዋስትና ስላለበት በዕድሜዎ እሱንም እናየዋለን።

አንጋፋው_ቶሮንቶ

2019 ነው የፈረምኩት። እጽፍለታለሁ፣ መልሱን እዚህ አመጣላችኋለሁ።

አዜብ_ካልጋሪ

እኔ ወስኛለሁ። ዌልዝሲምፕል፣ ራሴ የምገዛበት፣ ኤክስግሮ። ኩዌስትዌልዝን በደንብ አይቼዋለሁ፣ ግን ከ0.20 ጋር ሳስተያየው 0.25 የምጨምርበት ምክንያት አላገኘሁም፤ የአሜሪካ አክሲዮን ለብቻው ስለማልገዛ ምንዛሪውም አይነካኝም። ነርሷ፣ ገበያው ሲወርድ አንቺ ጋ ነው የምጽፈው 😄 የዝውውሩን ጥያቄ ዛሬ ጠዋት ልኬዋለሁ፣ ስሜን ሦስቱንም ጽፌ።

ኤድመንተን_ነርስ

ሌሊት ጻፊልኝ፣ ሁለታችንም ሺፍት ላይ ነን።

ዊኒፔግ_በረዶ

ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል፣ በመሃል «ባንክ ቤት የለም፣ አዲሱም ጋ አልደረሰም» የሚሆንበት ቀን አለና አትደንግጪ። ፈንዱ ከመሸጡ በፊት የተከፈለ ዲቪደንድ ካለ ጥቂት ዶላር ወደ ኋላ ቀርቶ ለብቻው ይከተላል። ገንዘቡ ሲገባ በጥሬው ነው የሚቀመጠው፣ ኤክስግሮን ራስሽ ካልገዛሽ አይገዛም። የየወሩ 400 ትእዛዝሽም የባንኩን ፈንድ እየገዛ እንዳይቀጥል ዛሬውኑ አስቁሚው።